እስኪቀላ የፈገፈግኩት ድስት

እንጅባራ በምንኖርበት ግቢ ትልቁ የመዳብ ድስት የእናቴ ነበር። ማኅበር የደገሰ ሁሉ ይዋሰዋል። አንድ እሑድ ጎረቤታችን ሴትዮ ሊወስዱት ሲመጡ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስለነበረች አጥቤ የማስረክበው እኔ ሆንኩ። እኔ ደግሞ ነገር ከያዝኩ አልለቅም። ውስጡን የሸፈነው ነጭ ነገር የዓመታት እድፍ መሰለኝና በአሸዋና በአመድ ፈገፈግኩት። መዳቡ ቀልቶ እስኪያበራ አልተውኩትም። ሴትዮዋም «እጅሽ ይባረክ!» ብለው ወሰዱት።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መለሱት። እኛ ዘንድ የተዋሱትን ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር ነው፤ ስለዚህ እርጎ ይዘውበት መጡ። እናቴ እርጎውን ወደ ሌላ ዕቃ ስትገለብጥ እጇ ድንገት ቆመ። የድስቱ ውስጥ ዙሪያውን አረንጓዴ ሆኗል።

«ነጩን የቆርቆሮ ልባጥ ማነው የፋቀው?» አለች። «መዳቡ ምግብ ነክቶ እንዳይመርዝ ብዬ እኮ ነው ያስለበጥኩት!»

እኔን እያየች ነበር።

ወደ ሴትዮዋ ዞረች። «እርጎው እዚህ ውስጥ ስንት ቀን ቆየ?»

«ወተቱን ያረጋሁት እዚሁ ነው። ሁለት ቀን ይሆነዋል።»

«ቀምሰውታል?»

«ረቡዕ አይደል እንዴ? እኔማ ጾመኛ ነኝ» አሉ እየሳቁ። «የቤቴ ሕፃናት ግን ጠዋት እስኪጠግቡ ጠጥተው ተኙ። ይኸው፣ እስካሁን አልነቁም።»