የዱቄት ፍቅር

ማንበብ ያስተማረኝ ሰው የለም። አንኮበር ገበያ ላይ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ፊደል እየለቀምኩ፣ ያልገባኝን ያገኘሁትን ሁሉ እየጠየቅኩ አንባቢ ሆንኩ። ወፍጮም ያስተማረኝ የለም። ፈትቼ ገጠምኩት፤ አልነሳ ሲል ደግሜ ፈታሁት፤ ከተነሳ በኋላ ግን እኔ የገጠምኩት ወፍጮ ቆሞ አያውቅም። ከጎረቤላ እስከ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም አልፎ እስከ ሰላ ድንጋይ፣ እጄ ያልገባበት ወፍጮ አለኝ የሚል ባለቤት ካለ ይምጣና ይንገረኝ። ጉራ ነው ትሉ ይሆናል። ይሁን፤ የሠራሁበት ጉራ ነው። ስለ ሥራና ስለ ሠራተኛ ልናገር ስለሆነ የሚናገረው ማን እንደሆነ ከወዲሁ ይታወቅ ብዬ ነው።

የመጀመሪያ አሠሪዬ ከአልዩ አምባ የወጡ ሙስሊም ነጋዴ ነበሩ። ጎረቤላ ላይ ወፍጮ ቤት ከፍተው ሰው ይፈልጋሉ ሲባል ሰምቼ ሄድኩ። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ማን ያውቅሃል?»

ገብስ የሚሸጥላቸውን አጎቴን ጠራሁ። አጎቴ መጥቶ ዋስ ሆነኝ። «ኢንሻአላህ ነገ ትገባለህ» አሉኝ፤ በማግስቱ ገባሁ። ወፍጮ እወድ እንደሆነ የጠየቀኝ የለም። ቢጠይቁኝም መልሱ አጭር ነበር፤ ርቦኛል።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደብረ ብርሃን ያለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ የማሽን ክፍል ሠራተኛ ሲቀጥር ፈታኝ ሆኜ እንድቀመጥ ይጠራኛል። ከእኔ የተሻለ ማንን ይጠሩ? የተግባሩን ፈተና የምሰጠው እኔ ነኝ። የቀረውን የሰው ኃይል ኃላፊዋ ትጠይቃለች። የምርት ክፍሉ ኃላፊ አጠገቧ ይቀመጣል፤ እሱ እምብዛም አይናገርም። ልጅቷ ክፉ አይደለችም። ስገባ ከወንበሯ ትነሳለች፣ አባባ ትለኛለች። ነገር ግን ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላኩ ጥያቄዎች አሏት፤ ከእነሱ አንድ ቃል አታልፍም። ይህን ሥራ ለምን ፈለጉት? ከሌላው ድርጅት እኛን ለምን መረጡ? ከአምስት ዓመት በኋላ ራስዎን የት ያገኙታል? ይህ ሁሉ ተነሳሽነት ይባላል። ለተነሳሽነት የሚሰጠው ነጥብ ለእኔ የተግባር ፈተና ከሚሰጠው እኩል ነው።

ያን ቀን የሚፈለገው አንድ ረዳት ነበር። ስንዴ ወደ ማሽኑ የሚያስገባ፣ ወንፊት የሚያጸዳ፣ ማሽኑን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ሲላላ አይቶ የሚናገር። መጀመሪያ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ወጣት ገባ።

«ከልጅነቴ ጀምሮ ለዱቄት ልዩ ፍቅር ነበረኝ» አለ።

ቀልዱን እንደሆነ ለማየት ወደ ፊቱ ዞርኩ። ቀልዱን አልነበረም። ልጅቷ ትጽፋለች።

«የምን ዱቄት ነው የምትወደው?» አልኩት።

«ሁሉንም፣ አባባ።»

የምርት ክፍሉ ኃላፊ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ወደ ማሽኑ ስወስደው ወጣቱ የሰጠሁትን የስንዴ ጆንያ ከማሽኑ አጠገብ አስቀምጦ ቀጥሎ የሚሆነውን ይጠብቅ ጀመር። አልፈርድበትም። መልሱን ከስልኩ ላይ ነው ያጠናው፤ ሥራ ፈላጊ ሁሉ እንዲያ ያደርጋል። ስልክ ያለው ሁሉ የሚያልፈው ፈተና ግን ምኑን ይፈትናል?

ከእሱ ቀጥሎ የገባው አርባውን ያለፈ ሰው ነው። ከወለጋ ተፈናቅሎ ከባለቤቱና ከልጆቹ ጋር እዚህ ከተማው ጥግ መጠለያ ውስጥ የሚኖር ገበሬ። በአገሩ በቆሎ ያመርት ነበር፤ ከወንድሙ ጋርም የእህል ወፍጮ ነበራቸው። ማሽኑን አስነሳሁለት። መዳፉን የማሽኑ ጎን ላይ አሳረፈ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ፣ ከዚያ እህሉን ቀስ እያለ ለቀቀ። ሌላ አልጠየቅኩትም። ሰው ማሽን ሲቀርብ አይቼ የሚሆነውንና የማይሆነውን እለያለሁ፤ በዚህ ተሳስቼ አላውቅም።

ከዚያ ልጅቷ ፊት ተቀመጠ።

«ይህን ሥራ ለምን ፈለጉት?»

«ልጆች አሉኝ።»

«እሺ፤ ከዚያ ሌላስ? እኛ ጋ እንዲያመለክቱ ያነሳሳዎት ነገር ምንድን ነው?»

አሰበ። ሊዋሽ አልነበረም፣ እውነቱን እየፈለገ ነበር። «ማስታወቂያው በሩ ላይ ተለጥፎ አየሁት» አለ።

«ከአምስት ዓመት በኋላ ራስዎን የት ያገኙታል?»

ለዚህኛው ማሰብ አላስፈለገውም። «አገሬ» አለ። «እግዜር ካለ ከዚያ በፊትም እገባለሁ።»

ሲወጣ ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ጥሎን ሊሄድ እንደሆነ በአፉ ነገረን እኮ፣ አባባ።»

«ወዴት ይሄዳል? መሄጃ ቢኖረው አንቺ ፊት ምን ያስቀምጠዋል፣ ልጄ?»

«እሱን እኔ አላውቅም። የሰጠኝን መልስ ነው የምሞላው።»

«ዋስ እሆነዋለሁ።»

ፈገግ አለች። «ዋስ የምንጠይቀው ገንዘብ ያዥ ስንቀጥር ነው።»

ነጭ ሸሚዙ ተቀጠረ።

ቤቴ ገብቼ ከራሴ ጋር ተከራከርኩ፤ ክርክር የሚመልስልኝ ሰው ሳጣ ልማዴ ነው። የእኔ ዘመን ጥያቄስ ለዚህ ሰው ይበጀው ነበር? ማን ያውቅሃል ቢሉት ማንን ይጠራል? የሚያውቁት ግማሾቹ ሞተዋል፤ የቀሩት የት እንደተበተኑ እሱም አያውቅም። ስለዚህ ያም ጥያቄ ፍትሐዊ ነበር ብዬ አልምልም። ግን ለዚያኛው ሌላ ሰው ሊመልስለት ይችላል። እኔ እመልስለት ነበር፤ አንድ ቀን አየሁት፣ በቃኝ፣ አውቀዋለሁ እል ነበር። ለምን ፈለግህ የሚለውን ግን ባለቤቱ ብቻ ነው የሚመልሰው። የድኻው ፍላጎት ደግሞ ፊቱ ላይ ተጽፎ እያለ ሌላ ያማረ ፍላጎት አምጣ ይሉታል። ልጆቹ ምክንያት አይሆኑም፤ ዱቄት መውደድ አለበት።

ነጭ ሸሚዙ ብዙ አልቆየም። አዲስ አበባ ሌላ ፍቅር አግኝቶ ሄደ። ቦታው እንደገና ክፍት ሆነና ማስታወቂያው ወጣ። ይህን ጊዜ ወደ መጠለያው ራሴ ሄድኩ። ሰውየውን ከቤቱ ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ተመልሰህ አመልክት» አልኩት። «ሲጠይቁህ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ እዚሁ እናንተው ጋ ነኝ በል። ሌላውን ለእኔ ተውው።»

ራሱን ነቀነቀ።

«ምን አለበት? ቃል ብቻ ነው።»

«ቃል በመሆኑ ነው እንጂ፣ አባባ» አለ። «እኛ ዘንድ እዚህ መቅረትን በአፉ የሚጠራ የለም። ቤት የሚጠግን ሰው እንኳ ለዚች ክረምት ነው ይላል። እኔ ባለፈው የቆርቆሮ በር ብገጥም ባለቤቴ ልትቀር ነው ወይ ብላ ተጣላችኝ። አንዱ ጎረቤታችን እንግዲህ ቀርተናል ቢል ሴቶቹ ጮኹበት፣ ቃሉን አስመለሱት። እኔ ምን ብዬ እላለሁ?»

«ቢሮ ውስጥ ነው የምትለው። ማን ይሰማሃል?»

«እኔ እሰማዋለሁ።»

«ልጆችህ ዛሬ በልተዋል?» አልኩት።

ይህን ማለት ጨካኝ ያስብላል፤ ያስብል። መጠለያውን ሊያዩ የመጡት ሌሎች አዝነውለት ሲመለሱ ምን አተረፈ? ፈተናው መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ።

በቀኑ መጣ። ጃኬት ተውሶ ለብሷል። ልጅቷ ያንኑ ጥያቄ በዚያው ቃል ጠየቀችው፤ ባለፈው የመለሰላትን የምታስታውስ አትመስልም። እሱ ግን የሚያየው እኔን ነበር።

«እዚሁ» አለ። «እናንተው ጋ። ሌላ አገር የለኝም።»

የመጨረሻውን እኔ አላስተማርኩትም። ልጅቷ ፊቷ በራ፤ ብዙ ጻፈች። የምርት ክፍሉ ኃላፊም ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፍቶ «ጎበዝ» አለ። ተቀጠረ። እኔ የነካሁት ነገር ይሠራል፤ ይህም ሠራ።

ጥያቄው ይጠቅማል ወይ የሚለኝ ካለ፣ ይህን ነው የምነግረው። መጀመሪያ እውነት ሲናገር ጣሉት፤ ቀጥሎ ራሱን ሲክድ ተቀበሉት። ሰውየው ያው ሰውዬ ነው፣ እጁም ያው እጅ። በመሃል የተለወጠ ነገር ቢኖር፣ ፋብሪካው ለአንድ ሥራ ሲል ከሰው ላይ የማይገባውን መውሰዱ ነው። ልጅቷ ይህን አታውቅም። ነግሬያት ነበር፤ «መልካም አስተያየት ነው፣ አባባ» ብላ ለሚቀጥለው ፈተና ቀን ነገረችኝ።

ሥራ ከጀመረ በኋላ እንኳን ደስ አላችሁ ልል ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤቱ ቆሎና ሻይ አቀረበችልኝ። ልጆቹ አዲስ ደብተር ይዘው አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ተቀምጠዋል። እናታቸው እጄን ሳመችና አጠገቤ ተቀመጠች።

«አባባ፣ እዚያ ከባድ ከባድ ጥያቄ ነው የሚጠይቁት ይላሉ። ምን ብለው ጠየቁት? እኔ ብለው ብሠራው አልነግርሽም አለኝ።»

ሰውየው ብድግ ብሎ ወጣ። ጀሪካን ሲያንቀሳቅስ ይሰማኛል፤ ባዶ ጀሪካን ነው።

«ስለ ስንዴ ነው የጠየቁት» አልኳት።

«እሱንማ ያውቃል» አለች። ከዚያ ከርሞ አገራቸው ሲገቡ ከበቆሎው ሌላ ስንዴም ይሞክሩ እንደሆነ፣ ወፍጮውንም እኔ ሄጄ እንደምተክልላቸው ታወራልኝ ጀመር። እኔም ቆሎዬን እየቆረጠምኩ፣ እሺ፣ እተክልላችኋለሁ አልኩ።