ሙሉጌታን በሬዲዮ የጠበቅንበት ቀን

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሐርጌሳ፣ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር፣ ጨርቅ ልገዛ አንድ ሱቅ ገብቼ ነበር። ባለሱቁ ሬዲዮ ከፍቷል። ስለ ፍየል በሽታ የሚያስረዳው ሐኪም ንግግሩን ሲጨርስና የሞቱና የጠፉ ሰዎች ማስታወቂያ ሲጀምር፣ ባለሱቁ ድምፁን ሊቀንስ እጁን ሰደደ። «ተወው!» አልኩት በአማርኛ፣ ሳላስበው። እሱም ደነገጠ፣ እኔም ደነገጥኩ፤ ጨርቁንም ሳልገዛ ወጣሁ።

ድሬዳዋ ያደግን ሰዎች እንዲህ ነን፤ ስንደነግጥ የሚቀድመን አማርኛ ነው። ከእናቴ ጋር ወደ ሐርጌሳ ስንመለስ ገና ወጣት ነበርኩ። 26 ጁን ሰፈር ሁለት ክፍል ያለው ቤት ይዘን፣ አንዱን ታደሰ ለሚባል ከጎጃም ለመጣ ግንበኛ አከራየነው። ታናሽ ወንድሙ ሙሉጌታም እዚሁ ከተማ ግንበኛ ነበር። የሚያድረው በየጊዜው በሚቀያየረው ሥራ ቦታው ላይ ስለሆነ የሚገናኙት ዓርብ ዓርብ ነው። አንድ ዓርብ ቀረ። በሚቀጥለውም ቀረ። ታደሰ እስከ ሼክ ኑር ሰፈር ድረስ በግንባታ ላይ ያለ ቤት ሁሉ እየዞረ ጠየቀ። ሙሉጌታ የሚባል ሰው የሚያውቅ አልተገኘም።

በመጨረሻ አስተርጓሚ ሆኜ ሬዲዮ ጣቢያ ይዤው ሄድኩ። «ነገ ይነበባል፣ ኢንሻአላህ» አሉን። በስንት ሰዓት እንደሆነ ግን የነገረን የለም። ስለዚህ በማግስቱ ታደሰ ከሥራ ቀረና ከጠዋት ጀምሮ ሬዲዮኑ ፊት ተቀመጥን።

ወቅቱ ደረቅ ነበር፤ ነፋሱ አቧራውን በበሩ ስር ያስገባል። እናቴ ላሆህ፣ ያችን ትንሿን የሶማሌ እንጀራ፣ በቅቤና በማር አቀረበችለት። ቆርሶ ያዘውና ሳይጎርሰው ቆየ። ሶማሊኛ ስለማያውቅ፣ ተናጋሪው በተለወጠ ቁጥር «ምን አለ?» ይለኛል። እኔም ሁሉንም ተረጎምኩለት። ዜናውን ነገርኩት፤ ነርሷ ስለ ሕፃናት ክትባት የመከረችውን ነገርኩት፤ በውሃ ጉድጓድ የተጣሉ ሰዎችን ሽማግሌዎች እንዴት እንዳስታረቁ ነገርኩት። አንድ ሽማግሌ ስለ ግመሉ የገጠመው ግጥም በእኔ አማርኛ የገበያ ወሬ ሆኖ ቀረ። ከዚያ አማቱን ስለሚፈራ ሙሽራ ድራማ መጣ። ታደሰ አንዴ ሳቀና ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ አንጀቴን ይበላዋል።

ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ የእኛ ማስታወቂያ ተነበበ፦ ሙሉጌታ አያሌው፣ ረጅም፣ የፊት ጥርሱ ፍንጭት፣ ያየ ለወንድሙ ይንገር። ታደሰ ብድግ አለ። «በቃ፣ አሁን ከተማው ሁሉ ሰምቷል» አለና የቀረበለትን በላ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ማስታወቂያ መጣ። አብዲራህማን የሚባል ኢትዮጵያዊ ግንበኛ ከፎቅ ወድቆ፣ ሆስፒታል ራሱን ሳያውቅ ሰንብቶ አርፏል፤ ቤተሰብ ካለው ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከመግሪብ በፊት ይምጣ፤ ከሌለው ግን የሰፈሩ ሰው ይቀብረዋል። እንደ ሌላው ሁሉ ተረጎምኩለት።

«ነፍሱን ይማር» አለ ታደሰ።

እናቴ ግን እጇን ከሥራዋ አነሳች። «ታደሰ ልጄ፣ ወንድምህን ሥራ ቦታው ምን ብለው ነው የሚጠሩት?»

«ሙሉጌታ ነዋ፣ እናቴ።»

«አንተንስ?»

ከደጋ የመጣ ሠራተኛ ብዙው እንደዚያ ነበር፤ እዚህ አፍ ላይ የሚቀል፣ ጥያቄም የማያበዛ ስም ይይዛል። ወንድማማቾቹ ይህን ለእናታቸው ይቅርና እርስ በርሳቸው እንኳ አይነጋገሩበትም ነበር።

«እኔንማ...» አለ፣ «አሊ ነው የሚሉኝ።» ቃሉን ሳይጨርስ ጫማውን ይፈልግ ጀመር።

«አብሽር ልጄ፣ አብሽር» ትላለች እናቴ።

ሆስፒታል ስንደርስ የሰፈሩ ሰዎች አጥበውት፣ ከፍነውት፣ ወደ መኪና ሊያወጡት ነበር። ጢማቸውን ሂና የተቀቡ ሽማግሌ ፊቱን ገለጡልን። ሙሉጌታ ነበር። ታደሰ አልጮኸም። ተንበርክኮ ግንባሩን ወንድሙ ግንባር ላይ አደረገ። እኔ ግን አለቀስኩ።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «እስላም ነበር? ጠይቂልኝ።»

ጠየቅሁት። ታደሰ ሽማግሌውን እያየ ራሱን ነቀነቀ። «ክርስቲያን ነው በያቸው። እንዳትዋሺ።»

ፈራሁ፤ ግን ነገርኳቸው። ሽማግሌው «እንግዳችን ነበር» አሉና ሾፌሩን ወደ ክርስቲያኖቹ መቃብር እንዲነዳ አዘዙት። ሊቀብሩት የተሰበሰቡት ሰዎችም አብረው ሄደው ቆፈሩ። ታደሰ «አባታችን ሆይ»ን ብቻውን ደገመ። እነሱ ራቅ ብለው ቆመው ጠበቁት።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ታደሰ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። «እናታችን ያለችበት ይህ ሬዲዮ አይሰማም። ተመስገን።»

ከሱቁ በወጣሁበት ቀን ማታ ልጄ ጋ ደወልኩ። ሩቅ አገር የጭነት መኪና ይነዳል። እዚያ ያሉ ሰዎች ምን ብለው እንደሚጠሩት ጠየቅሁት።

«ምን ነካሽ እማ?» ብሎ ሳቀ።

«ንገረኝ ብቻ።»

ነገረኝ። ሰምቼው የማላውቅ ስም ነበር።