ቀይ ነጥቧ ወደ ላይ

ነገሩ የጀመረው አንድ ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ልጅ እያለሁ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስኔልቪል ካለው ቤታችን ጥግ የሚያወርደኝ በዚያ ሰዓት ነበር። የጋራዡ በር እስከ ወገብ ተከፍቶ ስላገኘሁት ጎንበስ ብዬ ገባሁ። አባቴ ጥግ ያለው ገንዳ ላይ አጎንብሶ እጁን በሳህን ሳሙና ይፈትጋል። ጨረሰ ስል እንደገና ሳሙና ጨመረ። ልስመው ስጠጋ እጁ የተጫረ ክብሪትና የተበላሸ እንቁላል ይሸታል።

«አባዬ፣ ምን ነክተህ ነው?»

«ኬሚካል ነው የኔ ቆንጆ። የመኪና» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አባቴ ኮሌጅ ፓርክ ውስጥ እንግዶችን ወደ ኤርፖርት የሚያመላልስ የአንድ ሆቴል ሸትል ነበር የሚነዳው። ከሥራ ሲመጣ ምን እንደሚሸት አውቃለሁ፤ ቤንዚንና ሎሚ ሎሚ የሚል የወንበር ማጽጃ ነው። ይሄኛው ሌላ ነው። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ አባቴ ሲዋሽም ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ዓይን አፋር ስለነበርኩ ሁለተኛ ሳልጠይቅ ወደ ቤት ገባሁ። ዝምተኛ ልጅ ጥያቄ አይጠፋበትም፤ ይጠራቀምበታል እንጂ።

በዚያ ሰሞን ቤታችን ውስጥ ሌላም የሚጠረጠር ነገር ነበር። የእናቴ ትንሿ የቅቤ ማንጠሪያ ድስት ጠፍታለች። በዚያ ዘመን ቸርች ጓዳ ውስጥ እየተሯሯጣችሁ ያደጋችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ሰርግም ሆነ ለቅሶ ሲኖር ሴቶቹ ድስት ይዋዋሳሉ፤ እንዳይቀያየርም በየድስቱ ቂጥ ላይ በጥፍር ቀለም ስማቸውን ይጽፋሉ። እናቴ ጥፍሯን ተቀብታ አታውቅም፤ ቀዩዋ የጥፍር ቀለም ግን ከማንኪያዎቹ መሳቢያ ተለይታ አታውቅም ነበር። እሷም ማንም ሳይነካት ተጋምሳ ተገኘች። እናቴ ወደ ቸርች በመኪናዋ የምታመላልሳትን ጓደኛዋን እህት ዘነበችን ጠረጠረችና ደወለች።

«እህት ዘኑ፣ ጌታ ይባርክሽ፤ ያቺ ትንሿ ድስቴ እንዲያው በስህተት አንቺ ጋ ገብታ ይሆን?»

«እኔ ጋ? ኧረ በኢየሱስ ስም! ያንቺን ድስት ምን ላደርጋት?»

«አይ፣ እንዲያው ቼክ አድርጊልኝ ብዬ ነው።»

ስልኩን ዘግታ «ቼክ እንኳ ሳታደርግ መለሰች» አለች። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ!» ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ከእህት ዘነበች ጋር ሲሳሳሙ እናቴ ጉንጯን ትንሽ ራቅ ታደርግ ጀመር።

የአባቴን ሽታ እናቴ ያገኘችው ልብስ ስታጥብ ነው። ሸሚዙን ማሽኑ ውስጥ ልትከት ስትል ቆመች። ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ለረጅም ጊዜ ያዘችው። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ካልሲ እያጣመርኩ ነበር። «ባሩድ» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለሸሚዙ። ለስላሳው ፊቷ እንደዚያ ሲጠነክር አይቼ አላውቅም።

እናቴ ስለ መሣሪያ ያላትን አቋም ቤታችንን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ቤቱን ሲገዙ የድሮው ባለቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ትቶት የሄደው የመሣሪያ ካዝና ነበር። ባዶ ነው፤ ግን እናቴ እሱ ከቤት ሳይወጣ አልፈርምም ብላ ሰው ሁሉ ስታስጠብቅ ዋለች። «መሣሪያ በገባበት ቤት እኔ የለሁም» ነበር ያለችው። ልጅ ሳለች ወንድሟ እንደሞተባት አውቃለሁ። እንዴት እንደሞተ ግን ነግራን አታውቅም፤ እኛም አንጠይቅም።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ «ኦቨርታይም አለኝ» ብሎ ቁልፉን ሲያነሳ እናቴ ጫማዬን አቀበለችኝ።

«ሳሮንም ትሄዳለች።»

«ሥራ ቦታ ነው እኮ አስቱ። ልጅ ይዤ ምን አደርጋለሁ?»

«ሎቢ ትቀመጣለች። አርፋ የምትቀመጥ ልጅ ናት።»

እናቶቻችን ባል ሲጠረጥሩ ልጅ አስከትለው ይልኩ ነበር። አባቶቻችንም ያውቃሉ፤ እምቢ ማለት ግን ጥፋትን ማመን ነው። እኔ ደግሞ ጫማዬን ሳስር አንድ ነገር አይቻለሁ። እናቴ አልጋ ላይ ሰማያዊዋ ሻንጣ ተከፍታለች፤ ከእሷ ልብስ ሥር የእኔ ፒጃማ አለ። አክስቴ ዳላስ ነው የምትኖረው። ይዤ የምመለሰው ወሬ ሻንጣዋን ወይ ወደ ቁም ሳጥኑ እንደሚመልሳት ወይ ወደ ዳላስ እንደሚያስነሳት ገባኝ።

አባቴ ወደ ኮሌጅ ፓርክ አልታጠፈም። ከሎጋንቪል ወዲያ ባለ ጠባብ መንገድ ገባና ጥድ የከበበው አሮጌ የእንጨት ቤት ፊት ፓርክ አደረገ። በረንዳው ላይ ቆመው የጠበቁን ሚስተር ኧርል ነበሩ። ከአባቴ ጋር እዚያው ሆቴል በጥገና ሠርተው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ አባቴን «ቲ» ነው የሚሉት፣ ተፈራ ማለት አቅቷቸው። ከቤቱ ጀርባ ረጅም ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ራቅ ብሎ የቀይ አፈር ቁልል አለ። ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ተነጥፎ አንድ ቀጭን አሮጌ ጠመንጃ ተጋድሟል። ከጎኑ ተገልብጣ የተቀመጠች ትንሽ ድስት ነበረች፤ ቂጧ ላይ በቀይ ቀለም «አስቴር» ይላል።

ቀና ብዬ አባቴን አየሁት። አባቴ ድስቷን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያም የጥድ ዛፎቹን ያይ ጀመር።

ጠመንጃው አንድ ጎራሽ ነው፤ የሚስተር ኧርል አያት ጥንቸል ያደኑበት። ጥይቱ መመረት ያቆመው እሳቸው ራሳቸው ልጅ ሳሉ ነው፤ ስለዚህ አንድ ጥይት መተኮስ ማለት አንድ ጥይት ከባዶ መሥራት ነው። በድሮው ጥይት ባሩዱን የሚለኩሰው ቅመም በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ዙሪያውን ስለተቀበረ የጠመንጃው መርፌ የትኛውንም ጎን ቢመታው ይተኩስ ነበር። እነ አባቴ ግን ከናስ ባስቀረጹት ቀለህ ቂጥ ላይ፣ ከመሃል ወጣ አድርገው፣ ኮንክሪት ላይ ሚስማር የሚመታበትን ዓይነት ትንሽ ርችት ይሰካሉ። በፊት በኩል ባሩድ ይጨምሩና በእናቴ ድስት ውስጥ አቅልጠው የሠሩትን የእርሳስ አረር ይጭኑበታል። ርችቱ ያለበት ጎን ወደ ላይ ካልሆነ መርፌው ባዶ ናስ ይመታል። ለዚህ ነው አባቴ በዚያ በኩል፣ በእናቴ የጥፍር ቀለም፣ ቀይ ነጥብ ያደረገበት።

ጆሮዬ ላይ ትልቅ መሸፈኛ አድርገው ከኋላ አስቀመጡኝ። አባቴ አጎረሰ፣ አለመ፣ ቃታውን ሳበ። ቀጭ አለ እንጂ አልተኮሰም።

«ማንም እንዳይነቃነቅ» አሉ ሚስተር ኧርል። ዘግይቶ የሚነሳ እሳት አለ። አፈሙዙን ወደ ቀዩ አፈር እንዳደረጉ ሁላችንም ዝም ብለን ጠበቅን። ወፍ ብቻ ነበር የሚሰማው። በመጨረሻ አባቴ ሲከፍተው ግራ ተጋባ።

«ነጥቧ ወደ ታች ነበረች» አልኩ በአማርኛ፣ ለራሴ ያህል።

«አይተሻት ነው ዝም ያልሽው?»

«እንደዚያ መሆን ያለበት መስሎኝ።»

ሚስተር ኧርል ምን እንዳልኩ ጠየቁና ሲነገራቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። «ቲ፣ ከሥራ ተባርረሃል! ከዛሬ ጀምሮ ኢንስፔክተሯ እሷ ናት።»

በሁለተኛው ተኮሰ። ድምፁ ከጠበቅኩት ያነሰ ነበር፤ ጭሱ ግን ነጭና ወፍራም ሆኖ ወደ እኛ ተመለሰ። የሐሙስ ዕለቱ እጅ ሽታ መጣ።

«ኬሚካል» አልኩት አባቴን።

አንገቱን ደፋ። አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና «ሳምንቱን ሙሉ ሰው ከኋላዬ ሆኖ ሰዓቱን ያያል» አለኝ። «ፍላይቴ፣ ፍላይቴ ይለኛል። ይሄ ነገር ግን አይቸኩልም። ብትቸኩይበትም እምቢ ይልሻል።» ቆየት ብሎ ደግሞ «እናትሽ ስትጠይቅሽ ያየሽውን ንገሪያት። እንዳትዋሺ» አለኝ።

«አንተስ?»

ተነስቶ ጠረጴዛው ላይ የቀሩትን ቀለሆች ይሰበስብ ጀመር።

ልንሄድ ስንል ሚስተር ኧርል ጠመንጃውን ወልውለው ወደ አባቴ ገፋ አደረጉት። «ውሰደው ቲ። ዓይኔ እየደከመ ነው። ልጆቼ እንደሆኑ ለመጀመሪያው ጠያቂ ነው የሚሸጡት።» አባቴ መዳፉን ሰደፉ ላይ አሳረፈ። አላነሳውም። «ሂጂ ሳሮኔ፣ እጅሽን ታጠቢ» አለኝ ሳያየኝ። መታጠቢያ ቤት ሆኜ የመኪናችን ትራንክ ሲዘጋ ሰማሁ። ስመለስ ጠረጴዛው ላይ ጨርቁ ብቻ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው በነጠረ ቁጥር ከኋላ የሆነ ነገር ኳ ይላል፤ ብረት ነው። ወንበሬ ላይ ተጣብቄ ያንን ድምፅ ብቻ ሳዳምጥ መጣሁ። ምን ጫንክ ብዬ ብጠይቀው አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። ግን «ኬሚካል» ካለኝ በኋላ መልሱን አምነው እንደሆነ እርግጠኛ አልነበርኩም።

እናቴ ጋራዡ በር ላይ ቆማለች። እኔን አንድም ቃል ሳትጠይቀኝ ሹሩባዬን አንስታ አሸተተችው። ከዚያ «ንገሪኝ» አለች። ጥዱን፣ ሽማግሌውን፣ ጠመንጃውን ነገርኳት። «ትራንኩ ውስጥም የሆነ ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ አላየሁም» ብዬ ጨረስኩ።

«ክፈተው ተፈራ።»

«አስቱ፣ መጀመሪያ ስሚኝ...»

«ክፈተው!»

ከፈተው። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ነበር። እናቴ ጫፉን ይዛ፣ እባብ እንደሚነካ ሰው፣ ቀስ ብላ ገለጠችው። ጠርዟ ላይ እርሳስ የጋገረባት፣ የጠቆረች ትንሽ ድስት ወጣች።

«ድስቴ!» አለች። ገልብጣ ስሟን አነበበች። «ጠመንጃውስ?»

«አልተቀበልኩም። ግን እጄን ቶሎ አላነሳሁም። እሱን አልደብቅሽም።»

እናቴ ድስቷን ታቅፋ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። የወንድሟን ስም ከአፏ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። «ደሳለኝን የገደለው እንግዳ በር ጀርባ ያስደገፈው ጠመንጃ ነው» አለች። «ስንጫወት ነበር። ጥይት የለውም ብለውን ነበር።»

አባቴ ከፊቷ ተንበረከከ። «እኔም ራሴን ያታለልኩት እንደዚያ ብዬ ነው» አላት። «የዚህ ጥይት ከምድር ላይ ጠፍቷል፤ ጠመንጃ አይባልም ብዬ። ከዚያ ደግሞ ቁጭ ብዬ ጥይት ሠራሁለት።»

እናቴ ድስቷ ጠርዝ ላይ የጋገረውን እርሳስ በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አደረገች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠረገችና «አሁን እህት ዘነበችን ምን ልበላት?» አለች። አባቴ ሊስቅ ብሎ ፊቷን አይቶ ተወው። ፒጃማዬ ተመልሶ ትራሴ ሥር ተቀመጠ። ሰማያዊዋ ሻንጣ ግን ወደ ቁም ሳጥኑ አልተመለሰችም፤ ባዶዋን አልጋው ሥር ገባች።

አሁን የምኖረው ከተማው መሃል፣ ሚድታውን ነው። ሚስተር ኧርል አርፈዋል፤ ጠመንጃቸውም እንዳሉት ተሸጧል። አባቴ ወደዚያ መንገድ ዳግም አልታጠፈም። ቅዳሜ ጠዋት አሮጌ የግድግዳ ሰዓት ፈታትቶ ይገጥማል፤ አንዱም በትክክል አይሄድም፣ እሱም አይቸኩልም። የእኔ ጓደኞች ሲጠራጠሩ ስልካቸውን ነው የሚያዩት፤ ማን የት እንደቆመ፣ በሩን ማን እንዳንኳኳ ካሜራው ይነግራቸዋል። እኔም አያለሁ። ያኔ ግን ሰውን ለመጠርጠር እንኳ መቅረብ ያስፈልግ ነበር፤ ሸሚዙን ማቀፍ፣ ሹሩባውን ማንሳት። አንዳንዴ የሚናፍቀኝ እሱ ነው፤ በዚያ ቅርበት ሰውን መጠርጠርና በዚያ ቅርበት በሰው መጠርጠር።

የዚያ ቅዳሜ ማግስት፣ እሑድ ጠዋት፣ ሁለቱም ሳይነሱ የነቃሁ መስሎኝ ነበር። ከጋራዡ ግድግዳ ቁልፉን ልወስድ፣ ትራንኩን ራሴ ከፍቼ ልፈትሽ በባዶ እግሬ ወረድኩ። ቁልፉ ቦታው የለም። እናቴ የቸርች ቀሚሷን ለብሳ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ትራንኩ ውስጥ አጎንብሳለች። ምንጣፉን ገልጣ ከትርፍ ጎማው ሥር ታያለች። ምንም የለም። ቀና ስትል አየችኝ። ሁለታችንም አፈርን።

«ለአባትሽ እንዳትነግሪው» አለች በሹክሹክታ።

ጠጋ ብዬ የምንጣፉን ሌላኛውን ጫፍ ያዝኩላትና እንደነበረ አድርገን አለበስነው።