ሦስት ጊዜ «ተነቅሏል»

«መቼ ነው የምትመረቂው?» የሚለኝ ሰው አሁንስ በዛብኝ። ጎረቤት ይጠይቃል፣ የባለሱቁ ሚስት ትጠይቃለች፣ አብረውኝ ጀምረው ከተመረቁ ዓመት የሞላቸው ጓደኞቼ ይጠይቃሉ። ሳይኮሎጂ ነው የማጠናው፤ የሰው አእምሮ እንዴት እንደሚያድግና እንዴት እንደሚታመም። የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌላ ከተማ ባለ የሕፃናት ማዕከል የሁለት ወር የተግባር ልምምድ። ሰው ሁለት ወር ከቤቱ መውጣት ያቅተዋል? አዎ፣ ያቅተዋል። ቁጭ በሉና ልንገራችሁ።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሳሎናችን የሥራ ቦታዋም ነው፤ የስፌት መኪናዋ በመስኮቱ በኩል፣ የመተኮሻው ጠረጴዛ በግድግዳው በኩል፣ ከጠረጴዛው ጎን ደግሞ ያ የፈረደበት ሶኬት። አባቴ በሞተ በዓመቱ ካውያ ሳትነቅል ረስታ የሰው ኮት አቃጠለች። የተቃጠለው ኮቱ ብቻ ነው፤ ጭሱንም በመስኮት ያስወጣሁት እኔው ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ካውያ መንካት ተወች። ጠዋት ጠዋት ከክፍል በፊት የምተኩሰው እኔ ሆንኩ። ስጨርስ ገመዱን ነቅዬ፣ ጠቅልዬ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ። እሷም ገመዱን እያየችው ትጠይቀኛለች።

«ነቅለሽዋል?»

«ተነቅሏል እማዬ።»

«እስቲ እዪልኝ። የኔን ዓይን አላምነውም።»

ሄጄ መዳፌን ከሶኬቱ አጠገብ ግድግዳው ላይ አደርግና «ተነቅሏል» እላለሁ። አንዴ አይበቃም፣ ሁለቴም አይበቃም። ሦስት ጊዜ ነው፣ ሳልቸኩልና ሳልቆጣ። ከተቆጣሁ አይቆጠርም፤ እንደገና ከአንድ ይጀመራል። ሦስተኛው ላይ ትከሻዋ ዝቅ ይልና «ተባረኪ» ትለኛለች፤ እኔም እወጣለሁ።

ወጥቼስ የት እደርሳለሁ! ክፍል ውስጥ ትደውላለች። ስለዚህ ሁልጊዜ ከመውጣቴ በፊት ሶኬቱን ፎቶ አነሳዋለሁ። ፎቶውን ስልክላት ደግሞ «የዛሬው ነው ወይስ የትናንቱ?» ትላለች። አንድ ቀን ጓደኞቼ ስልኬን ሲነካኩ ያን ሁሉ የሶኬት ፎቶ አይተው «ምነው፣ ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋር ፍቅር ያዘሽ እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

ሦስተኛ ዓመት ላይ ጠዋት የልጆች ዕድገት፣ ከሰዓት የአእምሮ ሕመሞችን የሚመለከተውን አብኖርማል ሳይኮሎጂ እንማር ነበር። ሁለቱንም የምታስተምረን አንዲት ቀጭን፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የሚንጠለጠል መምህርት ናት። ማንም ምንም ቢናገር «ማስረጃህ የታለ?» ስለምትል ስሟ «ማስረጃ» ሆኖ ቀረ። አብኖርማል የሚባለው ኮርስ ደግሞ ጉደኛ ነው፤ በየሳምንቱ የተማርነው በሽታ ሁላችንንም ይይዘናል። ስለ ድብርት ስንማር ግማሹ ክፍል ተከዘ። ስለ ፍርሃት ስንማር ሊፍት የሚሳፈር ጠፋ። እኔ ብቻ ምንም አልያዘኝም ነበር፤ በዚያ ኩራት ቢጤ ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ማስረጃ ስለማያባራ ጥርጣሬ አስተማረችን። በሩ መቆለፉን እያወቀ ደግሞ ደጋግሞ ስለሚጠይቅ ሰው ነበር። «መልሱ ያሳርፈዋል፤ ለአሥር ደቂቃ» አለች። «ከዚያ ጥያቄው ጎልብቶ ይመለሳል። እየመለሰለት ያለው ቤተሰብ ግን እየረዳው ይመስለዋል።» ክፍሉ ሳቀ። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረኝ። ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ አነሳሁት።

«የዛሬው ነው የትናንቱ?»

«የዛሬው ነው እማዬ።»

ሦስት ጊዜ ነገርኳት። ስልኩን ስዘጋው እንባዬ ቀደመኝ፤ እዚያው ግድግዳው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ቤት ስገባም በቀስታ፣ በለሰለሰ አንደበት፣ ይህ ነገር ሕክምና እንዳለው አነሳሁላት። መቀሷን አስቀመጠች።

«እብድ ነሽ ልትዪኝ ነው የተማርሽው?»

ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በኩርፊያው መሀልም ግን ጥያቄው አልቀረም፤ ፊቷን አዙራ ትጠይቀኛለች፣ እኔም ለጀርባዋ እመልሳለሁ። የተግባር ልምምዱን ስነግራት ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሁለት ወር ሙሉ ማን ያይልኛል?»

በዚያው ወራት ማስረጃ የምልከታ ሥራ ሰጠችን። አንድ ሕፃን መርጠን ለስምንት ሳምንት በየሳምንቱ አንድ ሰዓት እያየን፣ ያየነውን ብቻ መጻፍ። «አዘነች» ብሎ መጻፍ አይቻልም፤ «የታች ከንፈሯን አንጠለጠለች» ነው የሚባለው። እኔ የእህቴን ልጅ መረጥኩ። አራት ዓመቷ ነው፤ ጉንጯ ሞልቶ ስለተረፈ «ድንቡሼ» እንላታለን። እህቴ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ጠዋት ታመጣትና ማታ ትወስዳታለች። ድንቡሼ ቀኑን ሙሉ ከእማዬ እግር ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ስትለቅም ትውላለች።

ስድስተኛው ሳምንት ላይ ድንቡሼ አሻንጉሊቷን አለበሰች፣ ክብሪት ቀፎ እንደ ቦርሳ አስያዘቻትና በሩ ጋ አቆመቻት። ከዚያ ተመልሳ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳርፋ «ተነቅሏል፣ ተነቅሏል» እያለች ሳለ አሻንጉሊቷ ወደቀች። ልጅቷ አነሳቻት፣ አቆመቻት፣ እንደገና ከአንድ ጀመረች። ሦስቱን ስትጨርስ አሻንጉሊቷን «በቃ ውጪ» አለቻት።

ያየሁትን ቃል በቃል ጻፍኩት። በማጠቃለያው ላይም «ሕፃኗ የአያቷን ጭንቀት እየኮረጀች ነው» ብዬ አሠመርኩበት። እውነቱን ለመናገር በጣም ኮርቼበት ነበር።

ማስረጃ ቢሮዋ አስጠራችኝ። ደብተሬ ጠረጴዛዋ ላይ ተከፍቶ ነበር።

«አያቷን ኮረጀች ብለሻል። ማስረጃሽ የታለ?»

«ቃል በቃል ጽፌዋለሁኮ መምህር። ስድስተኛው ሳምንት ላይ።»

«አያቷ ‹ተነቅሏል› ሲሉ የጻፍሽው የት ነው?»

ደብተሩን ተቀብዬ ገለጥኩ። አንደኛ ሳምንት፤ አያትየዋ «ነቅለሽዋል?» አለች። ቀጥሎ፤ አያትየዋ ትከሻዋን ዝቅ አደረገች። ሁለተኛ ሳምንትም እንዲሁ ነው፣ ሦስተኛም እንዲሁ። ስምንት ሳምንት ሙሉ እናቴ ትጠይቃለች እንጂ አንድም ቀን «ተነቅሏል» አላለችም።

«ጠየቁ፤ ከዚያ ትከሻቸው ዝቅ አለ» አለች ማስረጃ። «በመሀሉ ማን መለሰላቸው? ክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው ነበር?»

«ሁለት» አልኩ። ከዚያ ጆሮዬ ጋለ። «ሦስት።»

«ተማሪ ሁሉ ራሱን መጻፍ ይረሳል» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። መነጽሯን አውልቃ «እናትሽ ናቸው አይደል?» አለች። አንገቴን ደፋሁ። «ይታከማል። ግን ሐኪማቸው አንቺ አይደለሽም፤ አንቺ ልጃቸው ነሽ። የትምህርት ክፍላችን ክሊኒክ ይምጡ። አንቺ ልምምድሽን ሂጂ።»

መንገዱን ሁሉ እየተናደድኩ ነው የተመለስኩት፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም። በዚያ ቤት ጤነኛዋ እኔ ነኝ ብዬ ነበርኮ! መዳፉም የኔ፣ ለስላሳው ድምፅም የኔ፣ ከአንድ መጀመሩም የኔ። ያቺ ሕፃን በየቀኑ ስታጠና የከረመችው እኔን ነው።

እማዬ ክሊኒክ አልሄድም አለች። እኔ ግን መሄዴን ቆረጥኩ። ሰኞ ጠዋት አውቶቡሱ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል፤ አንድ ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ሸሚዝ ተኩሼ፣ ገመዱን ነቅዬ፣ ጠቅልዬ አስቀመጥኩ። እህቴ ድንቡሼን ጥላት ሄዳለች። ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ በሩን ከፈትኩ።

«ነቅለሽዋል?»

«አንቺ እዪው እማዬ።»

ሰምታኝ እንዳልሰማ ሆነች። «ነቅለሽዋል ወይ?»

«አጠገብሽ ነው። እጅሽን ዘርጊ።»

ተነሣች፣ ተቀመጠች። «እባክሽ» አለች። «ሂጂ፣ አልከለክልሽም ብያለሁ። ግን ንገሪኝና ሂጂ። አንዴ ብቻ።» አንዴ እንደማይበቃት ሁለታችንም እናውቃለን። እናቴ እንደዚያ ስትለምነኝም አልነገርኳት። እሷም ማልቀስ ጀመረች።

ይኼኔ ድንቡሼ አሻንጉሊቷን መሬት ላይ አስቀመጠች። ሄደች፣ በእግሯ ጣቶች ቆመች፣ ትንሿን መዳፏን ከሶኬቱ አጠገብ አሳረፈች።

«ተነቅሏል። ተነቅሏል። ተነቅሏል።»

አልቸኮለችም፣ አልተቆጣችም። እማዬ ትከሻዋ ዝቅ አለ። «ተባረኪ የኔ እናት» ብላ ልጅቷን ጉንጯን ሳመቻት። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ወደኔ ዞረች፤ በሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ ብሏል።

«በይ ሂጂ እንግዲህ። አውቶቡሱ እንዳያመልጥሽ።»

ያቺን «ሂጂ» ስንት ዘመን ጠብቄያታለሁ! በሩ ተከፍቷል፣ ቦርሳው ትከሻዬ ላይ ነው፣ እናቴ መርቃ እየሸኘችኝ ነው። ድንቡሼ ደግሞ እጇን ከግድግዳው ሳታነሳ ዞራ አየችኝ።

«አክስቴ፣ ሂጂ። እኔ አለሁ።»

ቦርሳዬን አወረድኩት።

ልጅቷን ከግድግዳው ነጥዬ አቀፍኳት። «ልቀቂኝ!» እያለች ተወራጨች፤ እማዬም «ምነው፣ ሕፃኗ ምን አደረገች?» ብላ ጮኸችብኝ። አውቶቡሱ አምስት ጓደኞቼን ይዞ ሄደ። የዚያኑ ዕለት እህቴ ስትመጣ ያን ደብተር አስነበብኳት። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ስትደርስ ቆማ የነበረችው ተቀመጠች። በሳምንቱ ድንቡሼን ከፋብሪካው አጥር ጎን ያለ የሕፃናት መዋያ አስገባቻት። አሁን የምትመጣው እሑድ እሑድ ብቻ ነው፤ እሑድ ደግሞ በቤታችን ካውያ አይሰካም። እማዬ የልጅ ልጇን የቀማኋት እኔ እንደሆንኩ ለሰው ሁሉ ትናገራለች። አልዋሸችም።

ድንቡሼን አስወጣኋት፤ እኔ እዚህ አለሁ። የዘንድሮው የልምምድ ዝርዝር ተለጥፏል፣ ስሜም አለበት፤ ባለፈው ዓመትም ነበረበት። ጠዋት ጠዋት እተኩሳለሁ፣ እነቅላለሁ፣ ትጠይቀኛለች። ክሊኒክ አሁንም እምቢ ብላለች። እኔም በማስረጃ ምክር፣ በስንት ለቅሶና በስንት ኩርፊያ፣ ከሦስቱ «ተነቅሏል» አንዷን አስቀንሻታለሁ። አሁን ሁለት ጊዜ ነው የምለው። አንዷን ለመቀነስ ልክ አንድ ዓመት ፈጀብኝ።

ስለዚህ መቼ ነው የምትመረቂው ለምትሉኝ ሁሉ፤ ሁለት ዓመት ይቀረኛል።