አባቴ የተረጎሙት የህንድ ፊልም

አባቴ ህንድኛ አንዲት ቃል አያውቁም ነበር። አዲስ አበባ፣ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ውስጥ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመው የህንድ ፊልም ለተመልካቹ የሚተረጉሙት ግን እሳቸው ነበሩ። ለጀግናው ድምፃቸውን ያጎረንናሉ፣ ለፍቅረኛው ያቀጥናሉ። እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ አባቴ የዓለምን ቋንቋ ሁሉ የሚያውቁ ይመስለኝ ነበር።

አሁን እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ የሚባለው ሰፈር፣ እኔ አፓርታማ ውስጥ ተኝተዋል። ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውንና አንደበታቸውን ወስዶባቸዋል። መዋጥ ግን ይችላሉ፤ ሐኪሙ አረጋግጦልኛል። እምቢ ያሉት ራሳቸው ናቸው። ከትንሽ ውሃ በቀር ምንም ካልቀመሱ አምስት ቀናቸው። እስከ ሰኞ ካልበሉ ወይ ሆዳቸው ላይ ቱቦ ይገባል፣ ወይ በሰላም እንዲያርፉ ይተዋሉ፤ ወሳኟ አንቺ ነሽ ተባልኩ።

ጀርመንታውን ያለው ወንድሜ ኮል አደረገና፣ "ቱቡን አፕሩቭ አድርጊው እንጂ! ምንድን ነው የምትጠብቂው?" አለኝ።

ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። የምጠብቀው ፊልም ነበር፤ ይሄን ለሰው እንዴት ብዬ ልናገር?

ፊልሙ አባቴ ቪዲዮ ቤት ደጋግመው የተረጎሙልን፣ ልጇ ገበያ መሃል የጠፋባት የአንዲት ዓይነ ስውር እናት ታሪክ ነው። ልጄ ካልተገኘ እህል አልቀምስም ብላ ትተኛለች። መጨረሻ ላይ ልጁ ደርሶ "በሞቴ፣ እማዬ" ይላታል፤ ትጎርሳለች፣ ትነሳለች፣ ቪዲዮ ቤቱ በጭብጨባ ይናጋል። አባቴ ይህችን ሴት ቢያዩ እንደሷ ይጎርሱልኛል ብዬ አሰብኩ። ጨንቆኝ ነበር።

የፊልሙን ስም ግን አላውቀውም። ዓርብ ዕለት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የምሠራበት ላቦራቶሪ ውስጥ፣ አብራኝ ለምትሠራው ትልቅ ህንዳዊት ሴት ታሪኩን ነገርኳት። ሳቀች። "እኛ ፊልም ውስጥ ልጅ ያልጠፋባት እናት የት አለች?" አለችኝ። ያን ጊዜ ዘፈኑን አንጎራጎርኩላት። ጓንቷን አወለቀችና ተቀበለችኝ፤ አወቀችው።

"ግን ማንም አያጎርሳትም" አለች። "ልጁ በሩን ከፍቶ ሲገባ እናቱ ሞታለች። ስንት አልቅሼበታለሁ!"

"አልሞተችም! ሃያ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ትጎርሳለች!" ብዬ ጮህኩባት። በህንድ ፊልም ከህንድ ጋር ሙግት ገጠምኩ።

አፌን ሳልዘጋ ትዝ አለኝ። ልጁ በሩን ሲከፍት አባቴ ሁልጊዜ ቴሌቪዥኑን ያጠፉ ነበር። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው የቀረውን በቃላቸው ያወሩልናል። በሞቴ የሚል ህንድ ከየት መጣ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። እናቴ የሞተችው ሰባት ዓመት በሆነኝ በዚያው ዓመት ክረምት ነው። ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ ተንሰቀሰቅሁ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ላፕቶፑን አልጋቸው ላይ አስቀምጬ ፊልሙን ከፈትኩ። መጨረሻውን እያወቅሁ መክፈቴ እብደት ነው፤ ሌላ ግን ምንም አልነበረኝም። አባቴ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩት። ልጁ የቤቱን በር ሲገፋ፣ ያ ስንት ቀን ያልተንቀሳቀሰ ግራ እጃቸው ተዘረጋና ላፕቶፑን ከደነው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። የሚያወሩበት ሰዓት ነበር፤ የሚያወሩበት አንደበት የለም። እኔው ቀጠልኩላቸው፦

"ልጇ ደረሰ። እናቱ ነቃች። በሞቴ፣ እማዬ አላት፤ ጎረሰች።"

ድምፄን እንደሳቸው ላጎረንነው ብል ቀጠነብኝ። እርጎውን በማንኪያ ወደ አፋቸው አስጠጋሁና "በሞቴ፣ አባባ" አልኳቸው።

አፋቸውን ከፈቱ። ጎረሱ። ጉሮሯቸው ሲወጣና ሲወርድ በዓይኔ አየሁ። ዘልዬ ተነሳሁ፣ ሳቅሁ፣ ወንድሜ ጋ ልደውል ስልኬን ፈለግሁ። መጀመሪያ ግን ልድገማቸው ብዬ ሁለተኛውን ማንኪያ ሞላሁ፤ በአንድ ጉርሻ ማን ይቆማል?

ከንፈራቸውን ገጠሙ። በግራ እጃቸው ጉንጬን ዳበሱኝና ቀስ ብለው ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። የመጀመሪያዋን የዋጧት ፊተኛው አግዳሚ ላይ ለተቀመጠችው ልጅ ብለው ነበር።

ነገ ሰኞ ነው።