ፍራሽ ሻጩ አጎቴ የሚጠይቁት ጥያቄ

ጭድ ተራ ፍራሽ ይሸጡ የነበሩት አጎቴ፣ ፍራሽ የገዛቸው ደንበኛ በሱቃቸው ደጅ ባለፈ ቁጥር ጠርተው «ወገብህ እንዴት ነው?» ይሉት ነበር።

እኔ የማደንዘዣ ባለሙያ ነኝ። እሳቸው ኦፕራሲዮን የተባሉ ጊዜ ፈሩ። «ሰዉን አስተኝታችሁ እንዴት እንደነቃ ትጠይቃላችሁ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ ያመመውን ያስመለሰውን ሁሉ እንመዘግባለን። የየሆስፒታሉ መዝገብ ተሰብስቦ በአገር ደረጃ እንዲታይና የጎደለው እንዲታረም ጀምረናል።»

ፊታቸው ፈታ አለ። «እንግዲያስ አብሽሪ፣ አስተኙኝ!»

ሲነቁ መዝገቡን ይዤ ቀረብኩ። ገና ሳልጠይቃቸው «ወገቤ ደህና ነው» አሉኝ። እፎይ ብዬ ሳቅሁ።

ከዚያ ብዙ ዓመት ኖረው፣ ሳይሰቃዩ በገዛ ፍራሻቸው ላይ አረፉ። አሁን በጭድ ተራ ሳልፍ ማንም አይጠራኝም። ታካሚ ሲነቃ ግን ከመዝገቡ ጥያቄ በፊት «ወገብዎ እንዴት ነው?» እላለሁ። ግራ እየገባቸው «ደህና ነው» ይሉኛል።