ባለቤቴ የማይሰማው ድምፅ

ባለቤቴ እንጨት እያሽከረከረ በሚያስቀርጸው ማሽን፣ በቶርኖ፣ ገበቴ ሲሠራ ውፍረቱን የሚለካው በጆሮው ነው። እንጨቱ ሲሳሳ ድምፁ ይቀጥናል፤ ያኔ መሮውን ያነሳል። ሰሞኑን ግን ሦስት ገበቴ ታቹን በስቶ አበላሸ። እሱ እንጨቱን ረገመ፤ እኔ ጆሮው መድከሙን አወቅሁ።

እግሬ አይረጋም፤ ከመሃል ከተማ እስከ ዳር ሰፈሩ ቡሹሎ ስዞር የምውል ሴት ነኝ። አሁን ግን በርጩማዬን ይዤ አጠገቡ መዋል ጀመርኩ። ትናንት ድምፁ ሲቀጥን ትከሻውን ነካ አደረግሁት። ማሽኑን አጠፋ።

«ምን ሆንሽ?»

«ሳስቷል፤ ይብቃው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ደግሞ መቼ ባለሙያ ሆንሽ? ሂጂ ዙሪ ይልቅ።»

ገበቴውን ግን በጣቶቹ ዳበሰው። ትንሽ ቢጨምር ኖሮ ይበሳ ነበር። ፊቱን ሳያዞር፣ «ነገም ትመጫለሽ?» አለኝ።

እመጣለሁ አልኩት። አንዱ ጆሮዬ መጮህ እንደጀመረ ግን አልነገርኩትም።